የመስኮት ተረኛዋ

ባለፈው ሰሞን ዳቦ ገዝቼ ወደ ቤቴ ስመለስ ቦከንሃይም በሚባለው ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጠገብ አለፍኩ። ጥር ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ድንገት የላይኛው ፎቅ መስኮቶች በሙሉ አንድ ላይ ወለል ብለው ተከፈቱና የልጆች ጫጫታ፣ የሞቀ አየርና የመንደሪን ልጣጭ ሽታ እላዬ ላይ ወረደ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እጄ ሳላዘው ወደ ካፖርቴ አንገትጌ ሄዶ የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈ። እዚህ ጀርመን አገር ጠጉሬን አሸብቼ፣ ሠርቼ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ ወንዙንም ባቡሩንም እንደ ሰፈሬ ለምጄ፣ አሁንም መስኮት ሲከፈት ማጅራቴን ጨምደድ የሚያደርገኝ ነገር አለ። ቆሜ ሽቅብ ሳይ አንዲት ትንሽ እጅ የመስኮቱን እጀታ ይዛ አየሁ፤ ፊቷ አልታየኝም። ከዚያ በኋላ ዳቦው በእጄ እንደቀዘቀዘ እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ምክንያቱም ሶልያናን አስታወስኳት።

ከሁሉ በፊት ስለ እኛና ስለ ንፋስ ትንሽ ልበል። አገር ቤት አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ያውቀዋል። ፀሐዩ ጣሪያውን እያነደደው፣ ሰዉ በላብ ተጠምቆ፣ አንዱ ምስኪን መስኮት በጣት ያህል ከፈት ሲያደርግ ከኋላ «ዝጋው! ብርድ ልታስመታን ነው?» የሚል ድምፅ ይመጣል። አንገቱ የደረቀበት፣ ጥርሱ ያመመው፣ ወገቡ የተያዘ ሰው ሁሉ የሚወቅሰው ንፋስን ነው። ባለቤቴ ዘነበች ሳክሰንሃውሰን ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ነበር፤ እዚያ በየጠዋቱ መስኮት መክፈት ሥራዋ ነው። ማታ እቤት ስትገባ ግን የመኝታ ቤታችንን በር ሥር በፎጣ ወትፋ ነው የምትተኛ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን የጨረስኩት የቤት ማሞቂያ በመትከልና በመጠገን ስለሆነ ጀርመኖች ማሞቂያው እየነደደ በላዩ መስኮት ሲበረግዱ ሳይ ሁለት ጊዜ ነው የሚያመኝ፤ አንዴ እንደ ሀበሻ፣ አንዴ እንደ ባለሙያ።

የማወራችሁ ዘመን ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ እኔ ግን ሩቅ ሆኖ ይሰማኛል። ዩኒቨርሲቲው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቬስትኤንድ ሰፈር ሄዶ አላለቀም ነበር፤ ረጅሙ ግራጫ ሕንፃ ገና ቆሞ ቦከንሃይምን ቁልቁል ያይ ነበር፤ ተማሪዎቹም በየካፌው ደጃፍ ብስክሌታቸውን ክምር አድርገው አንድ ሻይ ይዘው ግማሽ ቀን ይቀመጡ ነበር። ላይፕሲገር መንገድ ላይ ወደ አገር ቤት የሚደወልባቸው ስልክ ቤቶች ነበሩ። ጠባብ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ገብተህ፣ በሩን ዘግተህ፣ ቆጣሪው እየቆጠረብህ ትጮሃለህ። በቀኝህ አንዱ በትግርኛ፣ በግራህ ሌላዋ በኦሮምኛ ይጮኻሉ፤ የሁላችንም ጩኸት ግን አንድ ነው፤ «ይሰማል? ይሰማል?» ከማዕዘኑ ዳቦ ቤት ጨው የተነሰነሰበት፣ ብሬትሰል የሚሉት ጥምዝ ዳቦ በሃምሳ ሳንቲም ይገኝ ነበር፤ ዛሬ በዚያ ዋጋ ጨዉን ብቻ እንኳ አይሰጡህም። የትንንሽ ሴት ልጆች ቦት ጫማ በተራመዱ ቁጥር ተረከዙ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ የሚልበት ጊዜ ነበር። ክረምት ጠዋት ገና ሳይነጋ፣ ጭጋጉ ውስጥ፣ ልጁን ሳታይ በፊት ያቺን ቀይ ብልጭታ ነበር የምታየው።

ሶልያናም እንዲህ ያለ ጫማ ነበራት። እናቷ ጽጌ ከእኛ በታች ያለውን አንድ ክፍል ቤት የያዘችው የመኖሪያ ወረቀቷን ያገኘች ሰሞን ነው። ሠላሳ ያልሞላት፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ደረጃ ስትወጣ እየሮጠች የምትወጣ ሴት። ባሏ ገና ሱዳን ነበር፤ እንዲመጣ የተጀመረው ነገር በየቢሮው ይጎተት ነበር። እሷ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የጽዳት ሥራ አግኝታለች፤ ፈረቃዋ የማለዳ ነው፤ የመጀመሪያውን ባቡር ይዛ ነው የምትሄደው። ልጅቷን ማን ትምህርት ቤት ያድርስ? አንድ ቀን በራችንን አንኳኩታ ቆመች።

«ጋሼ መኩሪያ፣ እኔ ፍሩሺሽት ነኝ፤ ማለዳ ነው የምገባው። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ብቻ ያድርሱልኝ እንጂ ሌላ አላስቸግርዎም።»

«ምን ችግር አለው፤ ጡረታ የወጣሁት ለዚሁ ነው» አልኳት። እንደ ቀልድ ነበር ያልኩት፤ ኋላ ሳየው ግን እውነትም ለዚሁ ይመስል ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ እጄን ይዛ ትጎትተኝ ጀመር። ውሎ ሳያድር ቀትር ላይም እኔው እያመጣኋት እናቷ እስክትገባ እኛ ቤት ትቆይ ነበር።

ልጅቷን ግን ከነልብሷ ማየት ነበረባችሁ። እናቷ ከመሄዷ በፊት ነው የምታለብሳት። ታይት ላይ ሱሪ፣ ካልሲ ላይ ካልሲ፣ ሹራብ ላይ ሹራብ፣ ከላይ ወፍራም ካፖርት፣ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ተጠምጥሞ አፍንጫዋ ሥር የሚቆም ሻርፕ፣ ራሷ ላይ ጆሮ የሚሸፍን የሱፍ ቆብ። ኪሷ ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ። ስትሄድ የምትራመድ ሳይሆን የምትንከባለል ነበር የምትመስለው። የእናቷ ትእዛዝ ደግሞ አጭርና ግልጽ ነው፤ «ክፍል ውስጥ ካፖርትሽን እንዳታወልቂ። መስኮት ሲከፍቱ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙሪ።» ሶልያና የእናቷን ቃል የምታከብር ልጅ ስለሆነች ትምህርቱ እስኪያልቅ በማሞቂያው አጠገብ ከነካፖርቷ ተቀምጣ ትውላለች።

እኔን «አንተ» ነበር የምትለኝ። እናቷ በሰማች ቁጥር ፊቷ ይቀላል፤ «አንቱ በያቸው እንጂ አንቺ!» ትላታለች። ሶልያና ዞር ብላ ታየኝና «አንቱ፣ ና እንሂድ» ትለኛለች። እንዴት እንደምወዳት በምን ልንገራችሁ? የራሴ ልጆች አድገው በየከተማው ተበትነው ነበር፤ ከዚያች ትንሽ ልጅ ጋር መንገድ ላይ መጨቃጨቅ ለእኔ ቁርስ ነበር።

በዚያ የትምህርት ወቅት የክፍሏ መምህርት ፍራው ሊንደማን ተማሪዎቹን የምታስተምረው ስለ ሰውነትና ስለ ጤና ነበር። ንባቡም፣ ሒሳቡም፣ ሥዕሉም፣ ዘፈኑም ሁሉም ወደዚያው ነው። ግድግዳው ላይ አንድ ልጅ ወረቀት ላይ ተኝቶ ዙሪያው ተስሎ ተለጥፏል፤ ልብ፣ ጨጓራ፣ ሳንባ በየቦታቸው በቀለም ተቀብተዋል። ጥርስ እንዴት እንደሚቦረሽ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ እጅ በሳሙና እየተዘፈነ እንዴት እንደሚታጠብ ይማራሉ። የምሳ ሳጥናቸው ውስጥ ካሮት፣ ኪያርና ጥቁር ዳቦ መኖር አለበት፤ በቸኮሌት የተቀባ ነጭ ዳቦ ይዞ የመጣ ልጅ በጓደኞቹ ፊት ያፍራል። ይህ ሁሉ ትምህርት ከሰዓት በኋላ እኔ ኩሽና ገብቶ ይፈተንብኛል። ሶልያና ወንበር ላይ ወጥታ ቁም ሣጥኔን ከፍታ ትመረምራለች።

«ነጭ ዳቦ? ኦ ናይን፣ አይሆንም ጋሼ!»

«ሽማግሌ ነኝ፤ ጥቁሩ ለጥርሴ ይከብደዋል።»

«ጥርስህን ስለማትቦርሽ ነው። ሻይህ ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር ጨመርክ? ዛግ! እውነቱን ንገረኝ!»

እንቁላል ሲቀቀል የሚለካበትን የዘነበችን የአሸዋ ሰዓት አምጥታ ጎኔ ቆማ ጥርሴን ያስቦረሸችኝ ጊዜ አለ። አሸዋው ሳያልቅ ላቁም ስል «ኖሕ ኒሽት! ገና ነው!» ትላለች። በዚያ ዕድሜዬ የጥርስ ሐኪሜ ያመሰገነኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

እኔ ቤት ይህን ያህል የምትለፈልፍ ልጅ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አትናገርም። ጀርመንኛው አልጠፋትም፤ ሁሉንም ትሰማለች፣ ሁሉንም ትይዛለች። ግን ተጠቅልላ እንደተቀመጠች አፏም አብሮ የተጠቀለለ ይመስል ነበር። ነጭ ሽንኩርቱም አለ፤ አንድ ሁለት ልጆች አፍንጫቸውን ይዘውባታል መሰለኝ። ከእሷ የማይሸሸው አጠገቧ የሚቀመጠው ፊን የሚባል ቢጫ ጠጉር ልጅ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ የእሷ ተቃራኒ ነው፤ በዚያ ብርድ በአጭር እጅጌ ቲሸርት፣ ንፍጡ ተንጠልጥሎ፣ ጉንጩ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ግቢው ውስጥ ሲሮጥ የሚታይ ልጅ። ጽጌ በዕረፍት ቀኗ አንዴ አይታው «ይሄ ልጅ እናት የለውም እንዴ?» ብላ ልቧ እንደተሰበረ አስታውሳለሁ። እናቱ እኮ አጠገቡ ቆማለች።

ችግሩ ሳል ነበር። በየትምህርት ሰዓቱ መሀል መስኮቶቹ ይበረገዳሉ፤ ልጆቹ ተነሥተው ይዘላሉ፣ በረጅሙ ይተነፍሳሉ፣ ከዚያ ይዘጋል። ጤና ማለት ለፍራው ሊንደማን ከሁሉ በፊት ንጹሕ አየር ነበር። ሶልያና በካፖርቷ ውስጥ ስትቀቀል ቆይታ፣ በላብ እንደተነከረች ለእረፍት ግቢ ትወጣለች። ቀትር ላይ ልወስዳት ስሄድ ጀርባዋን ስዳብሰው ውስጡ ውሃ ነው። ማታውኑ ሳል ትጀምራለች። ጽጌ ሳሉን ስትሰማ «ይኸው! ያ መስኮት!» ትላለች። ማር በዝንጅብል ይፈላል፤ ከአገር ቤት በሰው እጅ የመጣ የደረቀ ዳማከሴ ይታሻል፤ ልጅቷ በብርድ ልብስ ተሸፍና እንፋሎት ትታጠናለች። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ትምህርት ቤት አትሄድም። በሳምንቱ ስትመለስ አንድ ተጨማሪ ሹራብ ለብሳ ነው። እንዲያ እየተባለ ገና ደረሰ፤ አዲሱ ዓመታቸውም ገባ።

አንድ ቀን ደፍሬ ነገርኳት። «ጽጌ፣ ልጅቷ የምትታመመው በንፋሱ አይመስለኝም። በላቡ ነው። ትንሽ ልብስ ቀንሺላት።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ እርስዎም ፈረንጅ ሆኑ ማለት ነው?»

እኔ ፈረንጅ? ያን ዕለት ጠዋት ባቡር ውስጥ የሰው መስኮት ተነሥቼ የዘጋሁ ሰው ነኝ። ሻይ ቀዳችልኝ፤ ስለ ባሏ ጉዳይ አወራን።

ከዚያ ጽጌ ቴርሚን ተሰጣት፤ ቀጠሮ ማለት ነው፤ የሶልያና መምህርት ጠርታታለች። እኔ ለማስተርጎም ሄድኩ። ሦስታችንም በእነዚያ ለልጅ በተሠሩ ወንበሮች ላይ ጉልበታችን አገጫችን ሥር ደርሶ ተቀመጥን። ፍራው ሊንደማን ወደ ሃምሳዎቹ የተጠጋች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሁልጊዜ እጇ ላይ የጠመኔ ብናኝ የማይጠፋ ሴት ነበረች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ቀስ ብላ፣ እኔ እንዲመቸኝ አረፍ እያለች ተናገረች። ሶልያና ብዙ ቀን ቀርታለች። ክፍል ውስጥ ድምጿን ሰምታው አታውቅም። ስለዚህ ወደ አንደኛ ክፍል፣ ወደ ታናናሾቿ፣ መልሳ ልታስቀምጣት እያሰበች ነው። ቅጣት አይደለም አለች።

ጽጌ እኔ ሳልተረጉመው ከፊታችን አነበበችው። «ምን አለች? ደደብ ናት አለች?»

«አላለችም። ብዙ ቀርታለች ነው ያለችው።»

«መስኮቱን ይዝጉልኝና አንድ ቀን አትቀርም። በሏት።»

አልኳት። ፍራው ሊንደማን መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ክፍሉ ሙሉ ልጅ ነው፣ የዚያ ሁሉ ልጅ ትንፋሽ ሲጠራቀም ራስ ያዞራል፣ ያስተኛል፣ ለጉንፋንም የሚመቸው የታፈነ ክፍል ነው አለች። ለአንድ ልጅ ብላ መስኮት መዝጋት አትችልም። ይልቅ ካፖርቱን ለምን አታወልቅም ስትል ጠየቀች። ጽጌ ራሷን ነቀነቀች። አንዷ ስለ አየር ትላለች፣ አንዷ ስለ ብርድ ትላለች፤ ሁለቱም የሚሉት ስለዚያች ልጅ ደረት ነው። እኔ መሀል ተቀምጬ የአንዷን ቁጣ አለስልሼ ለሌላዋ አቀብላለሁ። በመጨረሻ መምህርቷ እንዲህ አለች፤ «እስከ ፋሲካ እጠብቃለሁ። በየቀኑ የምትመጣ ከሆነ፣ አፏንም ከፍታ ከክፍሉ ጋር ስትሳተፍ ካየሁ፣ ከጓደኞቿ አልለያትም። ያለዚያ ግን አልችልም።»

ደረጃውን ስንወርድ ጽጌ መሀል ላይ ቆመች። እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ አለቀሰች። «ያልተማርኩት እኔ ነኝ ጋሼ። እሷ ምን አጠፋች? ታናናሾቿ መሀል ተቀምጣ እየሳቁባት?» አለችኝ። መሐረቤን አውጥቼ ሰጠኋት። ማታ ዘነበች ስትሰማ «እናንተ ሰዎች፣ ልጅቷን ማን ጠየቃት?» አለች። እውነቷን ነበር፤ ማንም አልጠየቃትም።

ልጅቷ ግን የራሷን ነገር አዘጋጅታ ነበር። የካቲት ውስጥ አንድ ጠዋት የበረዶ ውሃ ስንዘል እጄን ሳብ አደረገችና «ጋሼ፣ ምስጢር ትጠብቃለህ? ለእማዬ ኒሽት ዛገን፤ እንዳትነግራት» አለችኝ። ክፍላቸው ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ ሥራ አለው። ሰሌዳ የሚጠርግ አለ፣ አበባ የሚያጠጣ አለ፣ ወንበር የሚያስተካክል አለ። ተራው የደረሰው ልጅ ስም በልብስ መቆንጠጫ ላይ ተጽፎ ከሥራው ሥዕል ጋር ይያዛል። የሶልያና መቆንጠጫ የተያዘው መስኮቱ ሥዕል ላይ ነው።

«መስኮት ተረኛ ነኝ» አለችኝ፤ ሻርፑ ውስጥ ፈገግታዋ አይታይም፤ ዓይኗ ግን ይታያል። «ፍራው ሊንደማን ሌላ ሥራ ውሰጂ አለችኝ፤ እኔ እምቢ አልኩ። ራሴን እንዲህ እንዲህ አደረግኩ።» ራሷን ግራ ቀኝ ነቀነቀችልኝ።

«እናትሽስ? ካፖርቱስ?»

«ካፖርት ለብሼ እጄ እጀታው ጋ አይደርስም። አልታጠፍ ይላል። ሹራቡም እንደዚያው ነው።» የማሞቂያ ሠራተኛ ነኝ፤ የማይደርስ እጅ ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል። ስለዚህ ካፖርቱና ትልቁ ሹራብ ኮሪደሩ ላይ ካለው መስቀያ ይንጠለጠላሉ፤ እኔ ልወስዳት ስመጣ ደግሞ መልሳ ትጠቀለላለች። ጀርባዋን ስዳብሰው ደረቅ ሆነ። ሳምንት አለፈ፣ ሌላ ሳምንት አለፈ፣ ሳል የለም። ጽጌ ደስ አላት። «አዩልኝ ጋሼ? ነጭ ሽንኩርቱን አበዛሁት፤ ሠራ!» ትለኛለች። እኔ ያንን ምስጢር ተሸክሜ ደረጃ ወጥቼ ደረጃ እወርዳለሁ። አንድ ቀን ልጅቷን ብርድ ያለ ካፖርት ቢያገኛትና ቢያስላት እናትየዋ ዓይኔን አታየውም። ቀድሜ ለእናቷ ብነግራት ልጅቷ ዳግመኛ አታምነኝም። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው፤ ቀኑ እየሞላ፣ ፋሲካ እየቀረበ፣ ልጅቷ በክፍሉ ፊት አፏን ትክፈት አትክፈት የማውቀው ነገር አልነበረም። ብጠይቃት «ጋሼ፣ ስንት ስኳር ጠጣህ ዛሬ?» ብላ ታዞርብኛለች።

የፋሲካ ዕረፍት ሊገባ ሲል የወቅቱ ትምህርት መዝጊያ አብሮ ቁርስ መብላት ሆነ፤ ወላጆች ጤናማ ነገር ይዘው እንዲመጡ ተጠሩ። ጽጌ ሥራ እንደማይለቋት ስለነገረችን እኔ ብቻ እንደምሄድ ነበር ሁላችንም የምናውቀው። እሷ ግን የፈረቃዋን ግማሽ ለአንዲት ጓደኛዋ ሰጥታ ከአውሮፕላን ማረፊያው ቀጥታ፣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር፣ በላዩ ነጭ የሱፍ ሻርፕ ጣል አድርጋ ከተፍ አለች። ሌሊቱን የቆላችውን ቆሎ በትልቅ ጎድጓዳ ሣህን ይዛለች። ሁዳዴ ስለነበር እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም። ሣህኑን ከበር ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ልጆቹ መጀመሪያ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት፤ ከዚያ ፊን አንድ እፍኝ አፉ ውስጥ ሲከተው ክፍሉ በሙሉ ቀጭ ቀጭ አለ። ፍራው ሊንደማን ስኳርም ቅቤም የለበትም ስትባል ደስ ብሏት ሁለት ጊዜ ዘገነች።

ጽጌ ግን ይህን አላየችም። ሶልያና በቀጭን ቲሸርት፣ ክንዷ ተጋልጦ፣ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ነበር። እናቷን ከበሩ ስታይ ደርቃ ቀረች። እናትየዋ ልጅቷን አየች፣ እኔን አየች። በዚያ ዓይን ፊት ሽማግሌነቴ ምንም አልጠቀመኝም። ወደ ኮሪደሩ ዞር ብላ መስቀያው ላይ የተንጠለጠለውን ካፖርት አየችው። ልትናገር ስትል ፍራው ሊንደማን ጠረጴዛዋ ላይ ያለችውን ትንሽ ደወል መታች።

የአየር ሰዓት ነው። ልጆቹ ሁሉ ወደ መስኮቱ ተረኛ ዞሩ። ሶልያና አልተንቀሳቀሰችም። እናቷን ታያለች፣ መስኮቱን ታያለች። አሁን ወደ ግድግዳው ብትዞር ነገሩ አለቀ፤ መምህርቷም እያየቻት ነው። ፊን በአፉ ቆሎ ሞልቶ «ሶሊ፣ ማሕ ሾን!» አላት፤ በይ እንጂ ማለቱ ነው።

መስኮቱ ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣች። እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ አዞረችና አንዱን መስኮት በረገደችው፤ ከዚያ ሁለተኛውን፤ ከዚያ ሦስተኛውን። የመጋቢት ብርድ ገባ። ዞር ብላ ሁላችንንም ከላይ ወደ ታች አየችና እኔ በመንገድ ላይ ብቻ የማውቀውን ያን ድምፅ አወጣችው።

«አውፍሽቴን! ሁሉም ይነሣ! ወላጆችም! ዝለሉ! አሁን በአፍንጫ ሳቡ… ያዙ… ያዙ አልኩ እኮ፣ ጋሼ! አሁን ልቀቁ!»

በጀርመንኛና በአማርኛ ቀላቅላ ነው ያዘዘችው። ከባንክ የመጣ ክራቫት ያሰረ አባት ዘለለ። እኔም በዚህ ጉልበቴ ዘለልኩ። ፍራው ሊንደማን አልዘለለችም፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ልጅቷን ታያት ነበር። ጽጌ ከበሩ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ልትዘጋው ነው አልኩ፤ ሶልያናም እንደዚያው ያለች መሰለኝ፣ እጀታውን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ጽጌ አግዳሚው ጋ ደርሳ ቆመች። ነጩን ሻርፕ ከትከሻዋ ገፈፈችና ያንን ባለ ቲሸርት ፊንን ከራሱ እስከ ወገቡ ጥቅልል አደረገችው። አላስቻላትም! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፊን ሊያወልቀው ነው ስንል አፍንጫውን ሻርፑ ውስጥ ቀብሮ ቁጭ አለ፤ እስከ ቀትርም እንደተጠቀለለ ዋለ። ጽጌ ግን ከመስኮቱ አልራቀችም። ከልጇ ጎን ቆማ፣ እንደታዘዘችው በአፍንጫዋ በረጅሙ ሳበችና ያዘች፤ ደጋግማም እንደዚያው አደረገች። ልጅቷ ጉንጯ ቀልቶ፣ ሳል ሳይሰማባት፣ አንገቷ ባዶውን ሆኖ አጠገቧ ቆማለች።

መስኮቶቹ ተዘግተው ልጆቹ ወደ ካሮታቸው ሲመለሱ ፍራው ሊንደማን እኔንና ጽጌን ወደ ኮሪደሩ ጠራችን። ዓይኗ እርጥብ ነበር። «ድምጿን ሰማሁት» አለችኝ። «እስከ ዛሬ በእጇ ምልክት ነበር የምታስነሣቸው። አሁን አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ። ሶልያና መስኮቱ ተከፍቶ እያለም በየቀኑ ትመጣለች? እናቷ እሺ ካለች ከዚህ ክፍል የትም አትሄድም።»

ተረጎምኩላት። ጽጌ መስቀያው ላይ ያለውን የልጇን ካፖርት እጅጌ ይዛ ታሻሽ ነበር።

«ታናሽ ወንድም ነበረኝ ጋሼ» አለችኝ፤ ከዚያን ቀን በፊት ነግራኝ አታውቅም። «እሷን ያክል ነበር። ደረቱን ሲያመው ብርድ እንዳይገባበት ብለው በሩን በጆንያ ወተፉት። ቤታችን መስኮት የሚባል የለውም። እሳቱ ይነድዳል፣ ጭሱ መውጫ የለውም፣ እሱ ያስላል። እኔ ነበርኩ የምጠብቀው። ‹ጽጌ፣ አውጪኝ፤ ደጅ አውጪኝ› ይለኛል። ‹ብርድ ይመታሃል› እለዋለሁ። የተባልኩት እንደዚያ ነዋ! ልጅ ነበርኩ። እያለኝ፣ እየለመነኝ ሞተ።» እንባዋን በሥራ ልብሷ እጅጌ ጠረገች። «አሁን እሷ መስኮቱን ስትከፍተው፣ ለእሱ የከፈተችለት መሰለኝ። በሏት ጋሼ። ልጄ በየቀኑ ትመጣለች።»

ፍራው ሊንደማን የጽጌን እንባ አየች፣ ክንዷን ያዘቻት፣ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለች?» አለችኝ በፍርሃት።

የወንድሟን ነገር በጀርመንኛ ልጀምረው አልኩ። ከበሩ ወዲያ ሶልያና በፊን ላይ ስትጮህ ይሰማል፤ ሻርፑን እንዳያቆሽሸው መሰለኝ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት።

«በየቀኑ ትመጣለች ነው ያለችው» አልኳት።